ወሎ ላይ ድንግል መሬት የታያቸው የት ነው?

ሰሞኑን ደሴ ላይ ለባለሀብቶች በተዘጋጀ ስብሰባ አንድ ባለሥልጣን ንግግር አድርገው ነበር። ወሎ ገና ያልተነካ ድንግል መሬት ነው፣ ኑና አልሙ አሉ። ይህ አልበቃ ብሏቸው ገበሬውም ለእርሻ ሥራ ድንግል መሆኑን ጨመሩበት። አዳራሹ በሳቅ ተቀበላቸው። ምኑ እንዳሳቀ እስካሁን አልገባኝም።

ወሎ ውስጥ ድንግል ሲባል መጀመሪያ የምትታሰበው ሕዝበ ክርስቲያኑ መስከረም 21 ቀን ስሟን እየጠራ ግሸን የሚወጣላት እመቤታችን ናት። ሙስሊሙም መርየምን በንጽሕናዋ ያውቃታል። ወረድ ሲል ቃሉ የልጃገረድ ሸክም ይሆናል፤ በሠርጓ ማግስት ጨርቅ እየታየ የሚፈረድባት። ሰውየው ክብሩን ትተው የወሰዱት ባዶነቱን ነው። ማንም ያልደረሰበት፣ ምንም የማያውቅ ለማለት።

ያልተነካ? የቱ ጋ? ከደሴ ወደ ኩታበር ወጣ ይበሉና ይዩት። ገደል አፋፍ ድረስ ታርሷል። በሬ የማይቆምበት ተዳፋት በዶማ ይቆፈራል። ከማሳው የተለቀመው ድንጋይ ካብ ሆኖ አፈሩን ይዞ ቆሟል። አያት የካቡትን ልጅ ጠግኖታል፣ ክረምት ሲንደው ደግሞ የልጅ ልጅ ይክበዋል። ደጋው ዝናብ ከሰጠ በበልግም በመኸርም ይዘራል። የአንድ አባወራ ይዞታ ብዙ ጊዜ ሄክታር አይሞላም። ወጣቱ አባቱ ካልቆረሰለት የሚያርሰው የለውም። በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ የሚገባው ያልተነካ መሬት ተርፎት ነው እንዴ? ሳይታረስ ለከረመ ማሳ ገበሬው ራሱ ቃል አለው፤ ጦም አደረ ይላል። እሱንም እያፈረ ነው የሚለው።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ስለ ገበሬው የተባለው ነው። ወሎ ውስጥ ወተት በጉንጬ የሚባል ማሽላ አለ። ማር ጩቄም አለ። ስሙን ያወጣው ተመራማሪ አይደለም፤ እሸቱን እያኘከ ያጣጣመ ገበሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ማሽላ ሲፈትሹ በላይሲን የላቁ ሁለት ዝርያዎች ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ላይሲን ሰውነታችን ራሱ የማይሠራው፣ በማሽላ ውስጥም እምብዛም የሌለ የፕሮቲን ክፍል ነው። ሁለቱም ዝርያዎች የሄዱት ከዚሁ ከወሎ ነው። ገበሬው ላብራቶሪ አልነበረውም። ምርቱ እንደሌላው እንደማይበዛ እያወቀ ዘሩን ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ይዘራ ነበር። እሸቱን እየጠበሰ ይበላል፣ ለከርሞ ዘር ያስቀራል። ያ ዓመት ደግሞ ወሎ በረሃብ ያለቀበት ዓመት ነው። ዝናብ ጠፋበት፣ መንግሥትም ረሃቡን ደበቀበት። ዕውቀት ግን አላጠረውም። ይሄን ሰው ነው ጀማሪ የሚሉት? ትራክተር አልለመደም ካሉ እሺ። ትራክተሩም የኩታበርን ገደል አልለመደም።

እንዲህ ያለ ንግግር አዲስ አይደለም። በ1977 እና 78 ደርግ ወደ 600 ሺህ ሰው ከቀዬው አንስቶ ሲያሰፍር ከግማሽ በላይ የሚሆነው የወሎ ሰው ነበር። ያኔም መተከልና ጋምቤላ ያለው ለም መሬት ባዶ ነው፣ አራሽ የለውም ተብሎ ነበር። የኛ ሰዎች ሲደርሱ ጉሙዙም አኙዋኩም አገሩ ላይ ነበሩ። የተፈጠረውን ቅሬታና ደም እስከ ዛሬ እየከፈልነው ነው። አሁን ደግሞ ባዶ የመባሉ ተራ የወሎ ሆነ። መሬት ባዶ ነው የሚል ሰው ካሳ መክፈል አይታየውም። ለማን ይክፈል?

ባለሀብት አይምጣ፣ መስኖ አይስፋ እያልኩ አይደለም። ይምጣ። የግድ ያልተነካ ነገር ካማራቸው ግን ቦረና ሳይንት ላይ የደንቆሮ ጫካ አለ፤ እሱንም ባይነኩት ደስ ይለናል። ለሌላው መሬት፣ ካርታቸው ላይ አረንጓዴ የቀቡት ቦታ ስንት አባወራ እንደሚያርሰው ይንገሩን። ለእያንዳንዱም ስንት ብር እንደያዙለት፣ እግረ መንገዳቸውን።