ማስተካከያ፦ ማይክሮ አርኤንኤ ጂን አይቆርጥም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተጋራው ጽሑፍ «ማይክሮ አርኤንኤ ጂንን ከዲኤንኤ ላይ ቆርጦ ያጠፋል፤ የጠፋውም አይመለስም» ይላል። ስህተት ነው። ዲኤንኤውን ንክች አያደርገውም። 22 ገደማ ፊደላት ያሉት ይህ አጭር የአርኤንኤ ቁራጭ፣ አርጎኖት ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሆኖ የሚለጠፈው ከጂኑ በተቀዳው፣ የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያውን በሚያደርሰው መልእክተኛ አርኤንኤ ላይ ነው። ያኔ የፕሮቲን ምርቱ ይቀንሳል፤ መልእክቱም ቶሎ ይፈርሳል። ጂኑ ግን እዚያው አለ። ስለዚህ ማይክሮ አርኤንኤው ሲቀንስ ምርቱ ሊያንሰራራ ይችላል፤ «አይመለስም» የሚለው ድምዳሜም በዚሁ ይወድቃል።

«ስፖንጅ» የሚባሉት፣ ማይክሮ አርኤንኤን ወደ ራሳቸው የሚስቡ አርኤንኤዎችም የጠፋ ጂን አይተኩም። በ2013 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሲዲአር1ኤኤስ የተባለው ክብ አርኤንኤ ሚር-7 የተባለው ማይክሮ አርኤንኤ የሚለጠፍባቸው ከ70 በላይ ቦታዎች አሉት። ሚር-7ን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ሌሎቹ መልእክቶች እፎይ ይላሉ።