መምህሩ ዝም የሚልበት ሰዓት

ልጁ ላሜራውን ሞርሳ ላይ አጥብቆ አስሯል። ሥዕሉን ጎኑ ዘርግቶታል። ቀዳዳው ከቀኝ ጠርዝ 45 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ እንዲበሳ ሥዕሉ ያዛል። እሱ ግን ከግራ ለክቶ ምልክት አድርጓል። ፑንታውን ትራፓኖው ላይ ሲያጠብቅ ሁለት ሜትር ርቄ ቆሜ አየዋለሁ።

«መነጽርህን አድርግ» አልኩት። ይሄን ማለት እችላለሁ፤ የደኅንነት ጉዳይ ነዋ። «ከየትኛው ጠርዝ ነው የለካኸው?» ማለት ግን አልችልም። መነጽሩን አደረገ። በሳው።

ሁለት ዓመት ሙሉ «ከመብሳትህ በፊት ድጋሚ ለካ» እያልኩ የጨቀጨቅኩት ልጅ ነው። ያን ቀን ግን አፌን መያዝ ነበረብኝ። ምዘና ላይ ነና። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በትምህርት ቤት የሙያ ትምህርት የሚማር ልጅ ውጤቱ በጽሑፍ ፈተና ብቻ አይወሰንም። አንድ ሥራ ይሰጠዋል። ሥራውን ቤቱ ወስዶ አይሠራውም። በአንድ ቁጭታም አይጨርሰውም። ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በመምህር ዓይን ሥር፣ ለብዙ ቀን ከፋፍሎ ይሠራዋል። ሰዓቱ ሲያልቅ ሥራው ይሰበሰባል፣ ይቆለፍበታል፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንደገና ይታደላል። መጨረሻ ላይ ያስተማረው መምህር ራሱ ያርመዋል። ቀጥሎ ሌላ መምህር ያየዋል። ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ድርጅት ደግሞ ናሙና ወስዶ እርማቱን ይፈትሻል።

ስለ እንዲህ ዓይነቱ ምዘና ሲወራ ሁሌም የሚነሳው የተማሪ ኩረጃ ነው። እውነት ለመናገር እሱን መጠበቅ ያን ያህል አይከብድም። ስልክ ትሰበስባለህ፣ ወንበር ታራርቃለህ፣ ትዞራለህ። የሚከብደው መምህሩን ከመርዳት መጠበቅ ነው። እሱን ደግሞ ማንም አይጠብቀውም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ትልቅ ሰው እሱ ብቻ ነው።

እንግሊዝ አገር ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ሞክራ፣ ብዙ ጊዜ ቀይራዋለች። ጂሲኤስኢ የሚባለው የ16 ዓመት ልጆች ፈተና በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) ኮርስወርክ፣ ማለትም ተማሪው በትምህርቱ ሂደት የሚሠራው ነጥብ ያለው ሥራ፣ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ልጆቹ ቤታቸው ወስደው ይሠሩ ነበር። ታላቅ እህት ታርማለች፣ አባት አንድ አንቀጽ ጨመር ያደርጋል። ኢንተርኔት ሲመጣማ የማን ሥራ እንደሆነ መለየት ጭራሽ አስቸገረ። ስለዚህ ከ2009 ጀምሮ በብዙ ትምህርቶች ኮርስወርኩ ወደ ክፍል ገባ። በክትትል ሥር ሆነ። እሱም አልጣመም። የማስተማሪያ ሰዓት በላ ተባለ፤ አያያዙ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል ተባለ። ከ2015 ወዲህ በተከለሰው ሥርዓት አብዛኛው ትምህርት ወደ ማጠቃለያ የጽሑፍ ፈተና ተመለሰ።

የሙያ ትምህርቱ ግን ሙሉ በሙሉ መመለስ አይችልም። ብረት መቁረጥን በምርጫ ጥያቄ እንዴት ትጠይቃለህ? በዚህ ምክንያት እንደ ቢቴክ እና ካምብሪጅ ናሽናልስ ያሉት የሙያ ምስክር ወረቀቶች ላይ በክትትል የሚሠራ ሥራ ዛሬም አለ። ከሱ ጋር የቆየው ጣጣም አለ።

ጣጣው አንድ ሰው ሦስት ባርኔጣ ማድረጉ ነው። ያስተምራል፣ ይጠብቃል፣ ያርማል። አራተኛውን ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ በውጤቱ ራሱ ይለካል። የክፍሉ ውጤት ዝቅ ካለ የሚጠራው እሱ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። እኛ ደግሞ ቢላውንም ዳቦውንም ለአንድ ሰው ሰጥተን፣ «እባክህ ፍትሐዊ ሁን» ብለን በሩን ዘግተንበት እንሄዳለን።

ፕሮፌሰር አሊሰን ዎልፍ በ2011 ለእንግሊዝ መንግሥት ባቀረቡት የሙያ ትምህርት ግምገማ ያነሱት ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። በጊዜው አንዳንድ የሙያ ምስክር ወረቀቶች በትምህርት ቤቶች የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ አንዱ እንደ አራት ጂሲኤስኢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጠር ነበር። ትምህርት ቤቱ ልጁ የሚጠቅመውን ሳይሆን ሰንጠረዡን ከፍ የሚያደርግለትን እንዲመርጥ ይገፋፋ ነበር ማለት ነው። ከ2014 ሰንጠረዥ ጀምሮ አንዱ እንደ አንድ ብቻ እንዲቆጠር ተደረገ። ጥሩ እርምጃ ነው። መምህሩ ላይ ያለው ጫና ግን ከሰንጠረዡ ጋር አልጠፋም።

ደንቡ ራሱ ክፉ አይደለም። እዚያው አገር የፈተና ድርጅቶቹ ጄሲኪው የሚባል የጋራ ምክር ቤት አላቸው። እሱ ያወጣው መመሪያ መምህሩን ድዳ አያደርገውም። ትእዛዙን ድጋሚ ማስረዳት ይችላል። ጠቅለል ያለ ምክር መስጠት ይችላል። ከዚያ ካለፈ ግን ምን እንደረዳ መጻፍ አለበት፤ ነጥብ ሲሰጥም ያንን ማሰብ አለበት። መጨረሻ ላይ ተማሪውም መምህሩም «ሥራው የተማሪው የራሱ ነው» ብለው ይፈርማሉ።

ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። ግን እስቲ አስቡት፦ ማን ይጽፋል? «ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ፍንጭ ሰጥቼዋለሁ» ብሎ የጻፈ መምህር ተማሪውን ነጥብ ያስቀንሳል። ያልጻፈው ምንም አይሆንም። ሁለት መምህራን እኩል ረድተው፣ የሐቀኛው ልጆች ብቻ ይከስራሉ። በእንዲህ ዓይነት መዝገብ ላይ ባዶ ገጽ ሳይ «እዚህ ማንም አልረዳም» ብዬ አላምንም። የማምነው ሌላ ነገር ነው።

እርዳታ ደግሞ በር አንኳኩቶ አይገባም። ሾልኮ ነው የሚገባው። «ጥያቄውን ድጋሚ አንብበው» ማለት ይፈቀዳል። ግን እንዴት እንደምትለው አለ። ተማሪ የመምህሩን ድምፅ ያውቃል። «እርግጠኛ ነህ?» ስትለው መልሱ ስህተት እንደሆነ ገባው ማለት ነው። ቅንድብም ይናገራል። እኔ አንዴ ከአንዲት ልጅ ጀርባ ቆሜ ሳላስበው በረጅሙ ተነፈስኩ፤ ወዲያው ላጲሷን አነሳች። ያንን መዝገብ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው? «መምህሩ ተነፈሰ»?

ከዚህ የባሰም አለ። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ሁለተኛ መዛኝ ሆኜ 14 የተማሪ ሥራ ቀረበልኝ። ሁሉም ላይ ንዑስ ርእሶቹ ያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም ያው። እሱስ ይሁን፣ አንድ ቃል በአሥራ አራቱም ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ተሳስቶ ተጽፏል። መምህሩን ጠየቅኩት። አልዋሸኝም። «ከየት እንደሚጀምሩ እንዲያውቁ ቅጽ ሰጠኋቸው» አለኝ። ቅጹ የፊደል ስህተት ነበረበት። መጥፎ ሰው አይደለም። ልጆቹ ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጠው ሲቀሩ ሆዱ አልችል ያለው ሰው ነው። ግን ባዶ ወረቀት ላይ ምን እንደሚጻፍ መወሰን ራሱ የሚመዘነው ችሎታ ነበር። አሥራ አራቱም ልጆች ያንን ችሎታ ይኑራቸው አይኑራቸው ዛሬም የሚያውቅ የለም።

የቀረውን ግርግር በአጭሩ ልለፈው። ክፍሉ በአንድ ቀን ሞልቶ አያውቅም። የቀሩት ሰዓታቸውን ማካካስ አለባቸው፤ ለነሱ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ጠባቂ ይፈለጋል። ተጨማሪ ሰዓት የተፈቀደለት ልጅ ይኖራል፤ እሱን ከሌሎቹ ጋር አስነስተህ ማስወጣት አትችልም። ኮምፒዩተር በምዘናው መሐል «አፕዴት እያደረግኩ ነው» ብሎ ሃያ ደቂቃ ይቀመጣል። ፓስወርድ ይረሳል። ፍላሽ ይጠፋል። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ የተያዘው ያን ቀን ባልመጣ ሰው ነው። ይሄ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ እሱም በዚያው ሳምንት ሌሎች ክፍሎችን ያስተምራል።

ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ደግሞ የቤት ማስታወሻው ነገር አለ። በአንዳንድ ሥራዎች ተማሪው አስቀድሞ ጥናት አድርጎ ማስታወሻ ይዞ እንዲገባ ይፈቀድለታል። ማስታወሻው እንከን የለሽ ሆኖ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ? ጄሲኪው በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ተማሪ በኤአይ ያሠራውን የራሴ ነው ብሎ ቢያቀርብ የፈተና ደንብ መጣስ ነው። መምህሩም የተጠራጠረውን ሥራ ዝም ብሎ መቀበል የለበትም። እኔ የማደርገው ቀላል ነገር ነው። ምዘናው ከመጀመሩ በፊት ማስታወሻውን አየውና አንድ ቃል ጠቁሜ «ይሄ ምን ማለት ነው?» እላለሁ። የራሱ ከሆነ በራሱ ቋንቋ ያስረዳኛል፣ ይንተባተባል፣ በእጁ ያሳየኛል። ካልሆነ ወረቀቱን ያየዋል።

«ታዲያ ለምን ለሌላ ሰው አንሰጠውም?» የሚል አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲኦሲ እየተባለ የሚጠራው የሙያ ብቃት ምዘና በዚያ መንገድ ነው የሚሄደው። መዛኙ ያሠለጠነው ሰው አይደለም። ተመዛኙ ቀርቦ በተግባር ይሠራል፤ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። ለራስ የመቁረሱን ነገር ከሥሩ ይቆርጠዋል፤ እወደዋለሁ። ግን ዋጋ አለው። መዛኙ የሚያየው ያን ቀን ብቻ ነው። እጁ የተንቀጠቀጠ ልጅ ያን ቀን ተንቀጠቀጠ። ለብዙ ቀን የሚዘልቅ ሥራ ደግሞ ተሳስቶ ማረምን ያሳያል። ሙያ ማለት ለእኔ ግማሹ እሱ ነው። ስለዚህ ምዘናው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ለብዙ ቀን እንዲቆይ እፈልጋለሁ። መምህሩ ግን ብቻውን አይቁም።

የማስተማር፣ የመጠበቅና የማረም ሥራ መቼም አንድ ሰው ላይ መከመር የለበትም። ያስተማረ ያርም ከተባለ፣ አይጠብቅ። ወርክሾፕ ውስጥ የላብራቶሪ ወይም የወርክሾፕ ቴክኒሻን ለደኅንነቱ ይኑር። ምዘናውን ግን የሌላ ትምህርት መምህር ይጠብቅ። የታሪክ መምህር እዚያ ቢቆም ከየትኛው ጠርዝ እንደሚለካ ስለማያውቅ አፉን ለመያዝ አይቸገርም። ሲተነፍስም ለራሱ ነው። ሁለተኛው መዛኝ ደግሞ የመጀመሪያውን ነጥብ ሳያይ ያርም። አሁን ብዙ ቦታ የሚደረገው ነጥቡ ተጽፎበት የመጣን ወረቀት አይቶ «እስማማለሁ» ብሎ መፈረም ነው። እሱ ማረም አይባልም።

ርእሰ መምህራን «ሰው ከየት አምጥተን?» ይሉኛል። ይገባኛል። ግን የጽሑፍ ፈተና ሲሆን ሰው ከየት ይመጣል? አዳራሹ ባዶ ይደረጋል፣ ደወል ይጠፋል፣ «ፈተና ላይ ነን፣ ጸጥታ» የሚል ወረቀት በር ላይ ይለጠፋል፣ ተቆጣጣሪ ይመደባል። የሙያው ምዘና ግን ማክሰኞ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይሰነቀራል። በመሐል አንድ ተማሪ መጥቶ «መምህር፣ ፕሮጀክተር አለ ወይ?» ይላል። የሁለቱም ውጤት በአንድ ምስክር ወረቀት ላይ ይጻፋል።

ወደ ልጁ ልመለስ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሁለቱን ክፍሎች በብሎን ሊያያይዝ ሲል ቀዳዳዎቹ አልገጠሙም። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ሥዕሉን አዞረው፣ መልሶ አዞረው። ከዚያ «ውይ!» አለ፣ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ። ሌላ ላሜራ ጠይቆ ወሰደ፣ በሴጌቶ ቆረጠ፣ ከቀኝ ለካ። ጠርዙን በሊማ ሳይጨርስ ሰዓቱ አለቀበት። የሥራ መዝገቡ ላይ «ከተሳሳተው ጠርዝ ለካሁ፤ ሥዕሉን በደንብ ያነበብኩት ከበሳሁ በኋላ ነው» ብሎ ጽፏል። ሳርም በአጨራረሱ ቀነስኩበት፣ ሥራውን በመገምገሙ ጨመርኩለት።

ሁለተኛዋ መዛኝ የእኔን ነጥብ ሳታይ አረመችው። ከሰጠሁት ዝቅ አደረገችው። ግማሽ ሰዓት ተከራከርኳት። «አንተ ያየኸው ልጁን ነው፣ እኔ ላሜራውን ነው» አለችኝ። ነጥቡ እሷ ባለችው ሄደ።