የተመላሹ የሥራ መደብ በውሉ ይካተት
ስለ ፌሎሺፕ (ሠራተኞች ውጭ አገር ሄደው እንዲማሩ የሚሰጥ ድጋፍ) የቀረበው ጽሑፍ የፕሮግራሙን ስኬት በተላኩት ሰዎች ቁጥር ብቻ መለካቱ አላሳመነኝም። ገንዘቡ የሚባክነው ብዙ ጊዜ ከተመለሱ በኋላ ነው። የብሪታኒያ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል የሆነው ቼቭኒንግ፣ ተመራቂው ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ 2 ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል፤ ወንበሩን ሌላ ሰው ከያዘው ግን ግዴታው ብቻውን አቅም አይገነባም። ስለዚህ ለጋሹ፣ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲና ላኪው መሥሪያ ቤት ገና ተማሪው ከመመረጡ በፊት የሦስትዮሽ ውል ይፈራረሙ፦ መደቡ ተጠብቆ ይቆይ፣ ሲመለስ የተማረውን የሚሞክርበት አነስተኛ በጀትም ከወዲሁ ይያዝ። በጀት ሲነሳ፣ ዘወትር የሚረሱት የቪዛ ክፍያ፣ የጤና መድን፣ ለቤት ኪራይ የሚያዝ ማስያዣና የምንዛሪ መዋዠቅ መጠባበቂያ ናቸው። የመጀመሪያው አበልማ (ትንሽ ነገር ይመስላል!) የባንክ ሒሳብ እስኪከፈት ሳምንታት ስለሚዘገይ፣ ከጉዞው በፊት በተማሪው እጅ ይግባ።