ሬኖ ፈሪ ነበር? ክሱ ግማሹ ነው የሚያሳምነኝ

እ.ኤ.አ. በጁን 1876 ሞንታና ውስጥ፣ ሊትል ቢግሆርን ወንዝ ዳር፣ የአሜሪካ 7ኛ ፈረሰኛ ጦር በላኮታና በሻየን ተዋጊዎች ክፉኛ ተመታ። አዛዡ ጆርጅ ከስተር አብረውት ከነበሩት ከ200 በላይ ሰዎች ጋር አለቀ። ምክትሉ ሻለቃ ማርከስ ሬኖ ግን ተረፈ። ጦሱም መትረፉ ሆነ። ፈሪ፣ ሰካራም፣ አለቃውን ያስበላ ሲባል ይኸው ከመቶ ዓመት አለፈው።

ከስተር ጦሩን ከፋፍሎ ለሬኖ ወደ 140 ወታደሮችና ጥቂት መንገድ መሪዎች ሰጠው። መንደሩን ምታ፣ ጦሩ በሙሉ ይደግፍሃል ተባለ። ሬኖ ድጋፉን ከኋላው ጠበቀ። ከስተር ግን በወንዙ ማዶ ከፍታውን ይዞ ሄደ። ሐሳቡን መቀየሩን ለሬኖ የነገረው ሰው አልነበረም።

ሬኖ ወንዙን ተሻግሮ ሲጋልብ ተዋጊዎቹ ከመንደሩ እየጎረፉ ወጡበት። ቆመና ወታደሮቹን ከፈረስ አስወረደ። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ከአራት ወታደር አንዱ ፈረስ ያዥ ነው፣ ስለዚህ የሚተኩሰው መቶ ቢሆን ነው። መንደሩ ውስጥ ያለው ተዋጊ ከ1,000 በላይ ነው። እዚያ ዘው ማለት ለይቶለት እብደት ነበር። እዚህ ላይ ሬኖን የሚወቅስ ሰው አይገባኝም።

የሚያስወቅሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወንዙ ዳር ወዳለው ጫካ ካፈገፈጉ በኋላ፣ አጠገቡ የነበረው ከአሪካራ ነገድ የሆነው መንገድ መሪ ብላዲ ናይፍ ጭንቅላቱን ተመታ፤ ደሙና አንጎሉ ሬኖ ፊት ላይ ተረጨ። ሻለቃው ፈረስ ላይ ውጡ፣ ውረዱ፣ ደግሞ ውጡ ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ወደ ኋላ ሲሸሹ ከፊት ሆኖ ጋለበ። ከኋላ ተኩሶ የሚሸፍን አልመደበም። ትእዛዙን ያልሰሙት ጫካው ውስጥ ቀሩ፣ ሌሎቹ መሻገሪያው ላይ ረገፉ። በሸለቆው ወደ 40 የሚጠጋ ሰው አጣ። ይህን ላስተባብልለት አልሞክርም። የተረፉት ወንዙን ተሻግረው የወጡበት ኮረብታ ላይም ተከበው ሲያድሩ መከላከሉን በዋናነት ያቀናጀው፣ ሌላ የጦሩን ክፍል ይዞ የደረሰላቸው ሻምበል ቤንቲን ነበር።

በ1879 ሬኖ ራሱ ጠይቆ ቺካጎ ላይ መርማሪ ጉባኤ ተቀመጠ። ጉባኤው የሚያስኮንን ነገር አላገኘም፤ ግን አንዳንድ የበታቾቹ ከሱ የበለጠ ጀግንነት አሳይተዋል አለ። ነጻ ያወጡት መስለው አዋረዱት። በ1880 ደግሞ በስካርና ያኔ የ7ኛው ፈረሰኛ ጦር አዛዥ የነበረውን የኮሎኔል ስተርጂስን ሴት ልጅ በመስኮት አጮልቆ በማየት ተከሶ ተባረረ። ይህ ከጦርነቱ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ሰው ግን አንድ ላይ ደባለቀው። ስንብቱ ወደ ክብር ስንብት የተቀየረለት በ1967፣ ከሞተ ከ78 ዓመት በኋላ ነው።

በዚህ ሁሉ ክርክር የሚዘለሉት አሸናፊዎቹ ናቸው። ሬኖ ያጠቃው ሴትና ሕፃን ያለበትን መንደር ነው። የላኮታው መሪ ጎል በዚያ ቀን ሁለት ሚስቶቹና ሦስት ልጆቹ እንደተገደሉበት ተናግሯል። እንዲህ ያለ ሰው የሚዋጋው ሻለቃው ደፋር ይሁን ፈሪ አይቶ አይደለም። ሬኖ ቢገፋበት ኖሮ ወታደሮቹ ድንኳኖቹ መሃል ባለቁ ነበር፤ ከስተርም የሚተርፍ አይመስለኝም።