በሙቀት ወራት ለተወለደ ሕፃን ውሃ አትስጡ

ሕፃኑ የተወለደበት ወቅት ከጡት ማጥባት ጋር ሊያያዝ ይችላል የሚለውን ሐሳብ እቀበላለሁ። ነገር ግን ወቅቱ ይበልጥ የሚለውጠው የእናትየዋን ወተት ሳይሆን በዙሪያዋ ያሉ ሰዎችን ምክር ይመስለኛል። በሙቀት ወራት የተወለደ ልጅ ከንፈሩ ደረቅ ካለ «ጠምቶታል፣ ውሃ አቅምሺው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። የእናት ጡት ወተት እኮ 87 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው! የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር ድረስ ጡት ብቻ ይበቃል ሲል ሞቃቱንም ቀዝቃዛውንም ወቅት ማለቱ ነው። በማንኪያ የሚሰጠው ውሃ ያችን ትንሽ ሆድ ይሞላታል፤ ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ መጥባቱን ይተዋል፤ ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተቱ ይቀንሳል። ከዚያ «ወተቷ አነሰ» ተብሎ የዱቄት ወተት ጣሳ ይከፈታል። ውሃው ንጹሕ ካልሆነማ ተቅማጡም አለ። ልጁ የጠማው ከመሰላት ደጋግማ ታጥባው፤ መጀመሪያ የሚወርደው ወተት ቀጠን ያለ ነውና ጥሙን ይቆርጥለታል።

ፀሐይ በማይገኝበት ወቅት ለተወለዱት ስለ ቫይታሚን ዲ ሐኪም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በእናት ወተት ውስጥ መጠኑ አነስተኛ ነውና። በሙቀቱ ጊዜ ግን እባካችሁ ውሃውን ለእናትየዋ አቅርቡላት።