ይድረስ ለክቡር «የአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ»

ጉዳዩ፦ 41 ደቂቃዬ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከግራ እግሬ አውራ ጣት በስተቀር ደህና ነኝ።

እርስዎን የማያውቅ ቤት ፈላጊ የለም። «ፀጥ ያለ ሰፈር፣ ብርሃን የሚገባው፣ ከባቡር ጣቢያው የአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ» ተብሎ ሲጻፍ ከመጨረሻ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት። ክብር ያለው እንግዳ መጨረሻ ላይ አይደል የሚገባው? እኔም ጸጥታውንም ብርሃኑንም ትቼ ለእርስዎ ስል ነው ስልኩን የደወልኩት። መኪና የለኝም። ከተማው በየዓመቱ እየሰፋ ሲሄድ እኔ የምፈልገው የሚጠብብኝን ነው፦ መድኃኒት ቤቱ፣ የልጄ ትምህርት ቤት፣ ጣቢያው፣ ሁሉም እግሬ የሚደርስበት።

ማክሰኞ ጠዋት ከባቡር ወረድኩ። ሕንፃው ፊት ለፊቴ ቆሟል። የአራተኛ ፎቁን መጋረጃ ቀለም ሳይቀር አየሁት። ሰው በተለመደው እርምጃው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳልና እርስዎ ማለት በሜትር ሲመነዘሩ 400 አካባቢ ነዎት። እውነትዎን ነው፣ ለወፍ ከዚያም ያንሳል።

በእኔና በመጋረጃው መካከል ግን ስድስት መስመር አስፋልት ተኝቷል፤ መሐሉ ላይ የብረት አጥር። መሻገሪያው ድልድይ ነው፤ ወደ ድልድዩ ለመድረስ መጀመሪያ ከሕንፃው መራቅ ያስፈልጋል። ራቅኩ። 54 ደረጃ ሽቅብ፣ 54 ደረጃ ቁልቁል። ከዚያ ንጣፉ የሚያምር የእግረኛ መንገድ ተቀበለኝ፤ ጥቂት ሸኘኝና እዚያው ቆሞ በነበረ መኪና ሥር ገብቶ ቀረ። አውራ ጣቴን የመታሁት እዚያ ነው።

ቀጥሎ ግንብ። ግንቡን በግራዬ ይዤ ዞርኩ፣ ዞርኩ፣ በር የለም። ኢልደፎንስ ሰርዳ የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1859 ለባርሴሎና ማስፋፊያ ባወጣው ፕላን የአንዱ ብሎክ ጎን 113 ሜትር ገደማ ነው፤ እግረኛ መቶ ምናምን ሜትር በሄደ ቁጥር የሚታጠፍበት ያገኛል። ይህን ግንብ የነደፈው ሰው መታጠፍ የሚባል ነገር አልሰማም። በመጨረሻ አንዲት የሰው በር አገኘሁ፤ በሰንሰለት ታስራ «እባክዎ በዋናው በር ይጠቀሙ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል።

ዋናው በር ላይ ያለው ጥበቃ ትሑት ልጅ ነው። ታብሌቱን አወጣ። ስም፣ ስልክ፣ የሚሄዱበት ቤት።

«ጋሼ፣ የሰሌዳ ቁጥር?»

«በእግሬ ነው የመጣሁት።»

«እሺ። መኪናውን የት አቆሙት?»

«መኪና የለኝም፣ ልጄ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ክፋት የለውም፣ አዘነልኝ። ቦታውን ባዶ ትቶ ሞከረ፤ ታብሌቱ በቀይ ጮኸ። «እግረኛ» ብሎ ጻፈ፤ ፊደል አይቀበልም። «በቃ የጫማዬን ቁጥር ጻፍልኝ፣ 42» አልኩት። ሳቀና ሞከረው። «ጋሼ፣ አምስት አሃዝ ይፈልጋል» አለኝ።

ፎርም ሞልተው የሚያውቁ ሁሉ እዚህ ላይ ስሜቴን ያውቁታል። ቀይ ኮከብ ያለበት ሳጥን አማላጅ አይሰማም። ስለዚህ ጥላ በሌለበት ቆምኩ፤ አጠገቤ መኪና ሁሉ ሽው እያለ ሲገባ። በመጨረሻ አንድ ወጣት መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ ጥበቃው «እባክህ እኚህን ሰው ጫንልኝ» አለው። ገባሁ። ከበሩ እስከ ሕንፃው ደጃፍ ስልሳ ሜትር ቢሆን ነው። መኪናው ካልታሰርክ ብሎ ስለጮኸ ቀበቶ አሰርኩ፤ ቀበቶውን ሳስር ደረስን። ታብሌቱ ላይ በገዛ ስሜ ሳይሆን በሰው ሰሌዳ ሥር «ተሳፋሪ፦ 1» ተብዬ ተመዘገብኩ። ሃምሳ ዓመት በእግሬ ቆሜ የኖርኩ ሰው!

ደላላው ሰዓቱን አየና «ምነው፣ ትራፊክ ዘጋብዎት?» አለኝ። ከጣቢያው 46 ደቂቃ ፈጅቶብኛል። በእግሩ ሞክሮት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። «በእግር የሚባለው እኮ ቅርብ ነው ለማለት ነው» አለኝ። ክቡርነትዎ፣ ለካ እርስዎ ጊዜ አይደሉም፣ ርቀትም አይደሉም። ማቆላመጫ ነዎት።

የዘመድዎን «ከመናፈሻ አጠገብ»ን ነገር አላነሳም። መናፈሻው በአጥር ውስጥ ነበር፤ ማየት ይፈቀዳል። «ለሁሉም ነገር አማካይ» የሚባሉትም አማካይነታቸው ከሁሉም እኩል በመራቅ ነው።

አንድ ነገር ግን በቀልድ ላልፈው አልቻልኩም። ድልድዩ ጫፍ ላይ ሆኜ ወደ ታች ሳይ፣ ከዘራ የያዙ እናት ደረጃውን ጀምረው አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆሙ። ትንሽ አረፉ። ተመልሰው ወረዱ፤ አጥሩ የተቀደደበትን ያውቁት ኖሯል፣ ወደዚያው ሄደው ስድስቱ መስመር ውስጥ ገቡ። አንዱ ሹፌር ጥሩንባውን ነፋ፤ ሌላው አንገቱን አውጥቶ ሰደባቸው። እኔ ከላይ ሆኜ ከማየት በቀር ያደረግኩት የለም። ተሻገሩ። በየዓመቱ በዓለም መንገዶች ላይ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንደሚሞት፣ ከአምስቱ ከአንድ የሚበልጠው እግረኛ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ጽፏል። እኚያ እናት ከዚያ ቁጥር ቢገቡ ኖሮ ሁላችንም የምንለው የታወቀ ነው፦ «ድልድይ እያለ!» ድልድዩ ለእሳቸው አልተሠራም። መኪናው ፍሬን እንዳይረግጥ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ደረጃውን የምትከፍለው የሴትዮዋ ጉልበት ናት። ይህን እያወቁ ሠርተው፣ መርቀው፣ ሪባን ቆርጠው ሄዱ። በመኪና።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ስፔን ውስጥ ፖንቴቬድራ የምትባል ከተማ አለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምራ መኪናን ከመሐል ከተማዋ እየቀነሰች መጥታለች። የባቡር መስመር ካርታ የሚመስል የእግረኛ ካርታም አላት፤ ከዚህ እስከዚያ ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ የተጻፈበት። እዚያ ቢሄዱ ግን መታወቂያ ይጠይቁዎታል።

ቤቱን አልተከራየሁም። የመጣው ቢመጣ ከእንግዲህ ውል ከመፈረሜ በፊት አብረውኝ ይሄዳሉ። ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጣቢያው ደጃፍ እጠብቅዎታለሁ፤ አምስት ኪሎ ዕቃ በአንድ እጅ፣ የስድስት ዓመት ልጅ በሌላው። ልጁን እኔ እይዛለሁ፤ ዕቃውን እርስዎ ይያዙ። ክንፍ ይዘው እንዳይመጡ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
ተሳፋሪ 1

ግልባጭ፦
ለጥበቃው ወንድሜ፤ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የመጣልኝ፣ «00042» ብለህ ሞክረው።