አስጎብኚው «ዛሬ አይገባም» ሲል ሒሳቡ ይከፈለው

ሶፍ ዑመር ዋሻ ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ በዝቷል። ግዙፍ የድንጋይ ዓምዶች፣ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚስቅ ወጣት፣ ከኋላ ሙዚቃ። ባሌ ድረስ ሄዶ አገሩን የሚያይ ሰው መብዛቱ እሰየው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ውኃ ነው።

ዋሻውን የሠራው ዌይብ ወንዝ ነው። የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ 15 ኪሎ ሜትር ያህል መተላለፊያ ፈልፍሏል። ዛሬም በውስጡ ያልፋል። ዘልቆ ለመውጣት ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ግድ ነው። የሚነሣው ከባሌ ተራሮች፣ ዋሻው ያለው ደግሞ ቆላ ላይ ነው። ደጋው ላይ ዶፍ ሲወርድ እናንተ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቃችሁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰማዩን አትዩ፤ ግድግዳውን እዩ። በየትኛውም ወንዝ የሚያልፍበት ዋሻ ከራሳችሁ በላይ ስንጥቅ ውስጥ ጭራሮና ቅጠል ተሰክቶ ካያችሁ፣ እዚያ ያደረሰው ጎርፍ ነው።

በ2018 እ.ኤ.አ. ታይላንድ ውስጥ 12 ታዳጊዎችና አሠልጣኛቸው ታም ሉዋንግ ዋሻ ገብተው ዝናብ መውጫቸውን ዘጋው። ሁሉም ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይተው ወጡ። ለዚያ ግን ከውጭ አገር ሳይቀር የዋሻ ጠላቂዎች ተጠርተዋል፤ አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂም ሕይወቱን አጥቷል። እኛ ዘንድ ቢደርስ ማን ይጠራል?

ወንዙን የሚያውቀው የአካባቢው አስጎብኚ ነው። ችግሩ፣ ካልገባ አይከፈለውም። ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ «ትንሽ ብቻ ገባ እንበል» የሚል ቡድን ፊት ቆሞ የቀን እንጀራውን እንዲተው ነው የምንጠብቀው። ይህ አይሆንም። ዋጋውን ስትነጋገሩ «አይገባም ብትለንም እንከፍልሃለን» በሉት። ያኔ እውነቱን ይነግራችኋል።

የቀረው ቀላል ነው። ለአንድ ሰው ሦስት መብራት፤ የስልክ መብራት አይቆጠርም። ሄልሜት አድርጉ። የምትወጡበትን ሰዓት ውጪ ለሚቀር ሰው ንገሩ። የሌሊት ወፍ ኩስ የተከመረበት ቦታ አቧራ አታስነሡ፤ ሳንባ የሚያጠቃ ፈንገስ ሊኖርበት ይችላል። ወፎቹንም አትንኩ። በ2008 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ የሌሊት ወፍ የሞላበት ዋሻ የጎበኘች ሆላንዳዊት በማርበርግ ቫይረስ ሕይወቷ አልፏል። ስማችሁንም ድንጋዩ ላይ አትጻፉ። ቦታው ሰዎች ለዝያራ የሚመጡበት ነው፤ «አበበ እና ሄለን» ብሎ መሞነጫጨር፣ በእውነቱ፣ ነውር ነው።

ቱሪዝም ቢሮዎችም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አላቸው። በሩ አጠገብ የውኃ መለኪያ ይተከል፣ ቀይ መስመር ይደረግበት። ውኃው መስመሩን ካለፈ ማንም አይግባ። የመጣው ሚኒስትር ቢሆንም።